ከአርባው በኋላ ያሉት 140 ቀናት



እህቴ «እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ውሃም ቢሆን አይሰጥም» የሚለውን ትምህርት በቃሏ ታውቀዋለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታችን ድረስ መጥታ አስተምራታለች። ጤና ጣቢያ ለእርግዝና ክትትል ስትሄድም ሰምታዋለች። እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያ ልጇ ሦስት ወር ሳይሞላው ጡጦ ጀመረ። ጡጦውን ከደባርቅ ገዝቼ ዛሪማ ያደረስኩላት እኔ ነኝ። ወደ ዘጠነኛ ክፍል ያለፍኩበት ክረምት ነበር። ትልቅ ቁም ነገር የሠራሁ መስሎኝ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ስንወርድ በጉያዬ ይዤው ነበር።

ስለ ጡት ማጥባት የሚጻፈው ነገር መደምደሚያው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «የእናቶች የግንዛቤ ማነስ»። እኔም ለዚህ እትም ጻፍ ስባል እንደዚያው ብዬ ጀምሬ ነበር። ከዚያ እህቴ ትዝ አለችኝና ወረቀቱን ቀደድኩት። እሷ ግንዛቤ አልጎደላትም። የጎደላት የሚያግዛት ሰው ነው።

ለዚህ የእህቴ ታሪክ ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ ስለዚህ ወደ ቁጥሩ ልሂድ። እ.ኤ.አ በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው ከስድስት ወር በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ናቸው። ከግማሽ በላይ ስለሆነ ደህና ይመስላል። በዕድሜ ከፋፍላችሁ ስታዩት ግን ነገሩ ይለወጣል። ገና ሁለት ወር ካልሞላቸው 74 በመቶው ጡት ብቻ ነው የሚጠቡት። ሁለትና ሦስት ወር ላይ ካሉት 64 በመቶው። አራትና አምስት ወር ላይ ያሉት ዘንድ ስትደርሱ 36 በመቶ ብቻ ቀርቷል። ነገሩ ሁሉ የእውቀት ማነስ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በታየ ነበር። በመጀመሪያው ወር የምታውቀውን እናት በአምስተኛው ወር ምን አስረሳት? አንዳንዷ በአራት ወሩ ምግብ መጀመር አለበት ብላ ታምን ይሆናል፤ ይህን አልክድም። የቁልቁለቱ ልክ ግን በዚህ ብቻ አይገለጽም። በመካከል አንድ ነገር ተፈጥሯል።

የተፈጠረው ነገር አርባው መሙላቱ ነው።

በእኛ አካባቢ አራስ ትከበራለች። በዚህ ላይ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም እኛም አንድ ነን። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት እናቷ ቤት ትመጣለች። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ቅቤው ይቀርብላታል። ውሃ የሚቀዳላት፣ ልብስ የሚያጥብላት፣ እንጀራ የሚጋግርላት አለ። ከአልጋዋ ልነሳ ብትል «ምን ልትሆኚ!» ተብላ ትቆጣለች። ኒፋሱም በብዛት በአርባ ቀን ስለሚቆጠር የእረፍቱ ልክ እዚያው ላይ ይቆማል። በ41ኛው ቀን ጀሪካኑ ይመለስላታል። ስድስት ወር 180 ቀን ነው። አርባው ሲቀነስ 140 ቀን ይቀራል። ለአርባው ቀን ባህላችን ሰው መድቧል። ለ140ው ማንንም አልመደበም።

እህቴ አርባዋን ጨርሳ ወደ ባሏ ቤት የተመለሰችው ሐምሌ ላይ ነው። ሐምሌ በቆላ የማሽላ አረም ወቅት ነው። ባሏ ለሰሊጥ አረም ወደ ሁመራ ወርዶ ነበር። አማቷ ዓይናቸው ደክሟል። ጠዋት ወደ እርሻ የምትወጣው፣ ስትመለስ ውሃ የምትቀዳው፣ ማታ የምትጋግረው እሷው ነች። አንድ ጨቅላ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ማለት ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ወጥታ ሰባት ሰዓት ላይ ብትመለስ ቢያንስ ሁለት ጊዜ አምልጦታል። «ለምን ይዛው አትሄድም?» የሚል ወንድም ካለ አንድ ጥያቄ ልጠይቀው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። የእኛ አገር ሴት እሱን የምትሸከመው በጀርባዋ ነው። ሕፃኑም የሚታዘለው በጀርባ ነው። ጀርባ ደግሞ አንድ ነው።

ስለዚህ ሕፃኑ ከአማቷ ጋር ቀረ። ሲያለቅስ መጀመሪያ በማንኪያ የስኳር ውሃ ተሰጠው። ቀጥሎ የላም ወተት በውሃ ቀጥነው ሰጡት። ከዚያ እኔ ጡጦውን ይዤ ደረስኩ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር አራተኛ ክፍል ድረስ የተማረችው እህቴ ያላወቀችው፣ እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ፊድባክ እስክማር ያልገባኝ ነው። የእናት ወተት ጋን ውስጥ ተቀምጦ እየተቀዳ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሕፃኑ ጡቱን ሲስብ ወደ እናቱ አንጎል መልእክት ይሄዳል። ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ወተቱ እንዲሠራ ያደርጋል፤ ኦክሲቶሲን ደግሞ እንዲወርድ። ብዙ ሲጠባ ብዙ ይሠራል። ጡቱ ሳይጠባ ሞልቶ ሲቆይ ሰውነቷ «አያስፈልግም ማለት ነው» ብሎ ሥራውን ይቀንሳል። ሕፃኑ በስኳር ውሃ ሆዱ ተሞልቶ ስለነበር እናቱ ስትመጣ ትንሽ ጠብቶ ይተኛል። ጡቱም ይቀንሳል። በሚቀጥለው ቀን ስለማይበቃው ያለቅሳል። ሲያለቅስ «ወተቷ አነሰ» ይባልና ጡጦው ይጨመራል። ጡጦው ሲጨመር ወተቱ የበለጠ ያንሳል። በሦስት ሳምንት ውስጥ «ወተቴ ነጠፈ» አለች። እውነቷን ነው፤ በዚያን ጊዜ ነጥፎ ነበር። ግን ከመጀመሪያው ስላነሰ አልነበረም ጡጦው የመጣው። ጡጦው ስለመጣ ነው ያነሰው።

ልጁ በዚያ ክረምት በተቅማጥ ተሠቃየ። ጤና ጣቢያ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። አልሐምዱሊላህ ተረፈ፤ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል። ከእኩዮቹ ያጥራል። የቁመቱ ምክንያት ጡጦው ብቻ ነው አልልም፤ መቀንጨር ብዙ ምክንያት አለው። ያው የ2016ቱ ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን ሲያሳይ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ያን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር ግን ፊቴ ላይ የሚመጣው የዚያ ልጅ ፊት ነው።

ውሃን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ዛሪማ ሙቀት ነው፤ ሊማሊሞን ወርዶ የሚያውቅ ሰው ጃኬቱን የት ላይ እንዳወለቀ ያስታውሳል። እናቶች «በዚህ ንዳድ ውሃ ሳይጠጣ እንዴት ይውላል?» ይላሉ። ደባርቅ ላይ ደግሞ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ «ብርድ ገብቶት ሆዱን ቁርጠት ያዘው» ተብሎ ለብ ያለ የአብሽ ውሃ ሲሰጥ አይቻለሁ። አንዱን መንገድ ተከትላችሁ ስትወርዱ ምክንያቱ ከብርድ ወደ ሙቀት ይገለበጣል፤ ማንኪያው ግን ያው ነው። የእናት ጡት 88 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። በሙቀትም ቢሆን ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ ከጠባ የሚያስፈልገውን ውሃ ከዚያው ያገኛል። ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ሲሰጠው የሚያገኘው ጥሙን የሚቆርጥለት ሳይሆን ተቅማጥ ነው።

«ተህኒክስ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ መድረሳ አብረን ያደግን ልጆች የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ እሱ ነው። ለአራስ ልጅ የላመ ተምር በላንቃው ላይ ማስነካት ሱንና ነው። ማስነካት ነው እንጂ ማብላት አይደለም፤ ቅቤ ማስዋጥም ተህኒክ አይደለም። ማድረግ የሚፈልግ ወላጅ እጁን ታጥቦ፣ በጣም ጥቂት፣ ከጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ ያድርገው። ተምር ጠፋ ብሎ ማር መስጠት ግን አደገኛ ነው። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ጀርም አንድ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ሊገድል ይችላል። እንገሩን ደግሞ «ቆሻሻ ነው» ብሎ ማፍሰስ በዲናችን ምንም መሠረት የለውም። ሕፃኑ የመጀመሪያውን የበሽታ መከላከያ የሚያገኘው ከእሱ ነው።

ሌላው ጡት የሚያስጥል ነገር እርግዝና ነው። «የእርጉዝ ወተት ልጅ ይመርዛል» ተብሎ በማግስቱ ጡት ይከለከላል። በዚህ ላይ ሙስሊም በዘገቡት አንድ ሐዲስ ሁልጊዜ እደነቃለሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የምታጠባን ሚስት መገናኘትን ሊከለክሉ አስበው ነበር፤ ዐረቦች የሚጠባውን ልጅ ይጎዳል ብለው ይፈሩት ስለነበር። ከዚያ ግን ሮማውያንና ፋርሶች ይህን እንደሚያደርጉና ልጆቻቸው እንደማይጎዱ ተመልክተው ሳይከለክሉ ተዉት። የሌላውን ሕዝብ ልምድ አይተው ነው የወሰኑት። እኛ ደግሞ ሐዲሱ በእጃችን ሆኖ ልጁን ከጡት እንነጥላለን። የሚገርመው፣ እናት ሌትም ቀንም ጡት ብቻ ካጠባች፣ ልጁ ስድስት ወር ካልሞላውና የወር አበባዋ ካልተመለሰ ማጥባቱ ራሱ ከ98 በመቶ በላይ እርግዝና ይከላከላል። ጡጦው ያንን መከላከያ ያነሳል፤ እርግዝናው ይመጣል፤ እርግዝናው የቀረውን ጡት ያስጥላል። ይህም ሌላ ሉፕ ነው።

አሁን ወደ ዑመር (ረ.ዐ) ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ የእሳቸው ታሪክ ነውና። ኢብኑ ሰዕድ እንደዘገቡት ነጋዴዎች መዲና ደርሰው ሰፍረው ሳለ ዑመርና ዐብዱረህማን ኢብኑ ዐውፍ ሌሊቱን ሊጠብቋቸው ወጡ። ዑመር የሕፃን ልቅሶ ሰሙ። ወደ እናቱ ሄደው ለልጇ እንድታስብለት ነገሯትና ተመለሱ። ልቅሶው ቀጠለ። ሁለተኛ ሄዱ፤ ሦስተኛም። በመጨረሻ ሴትዮዋ ሰለቻትና፣ ማን እንደሆኑ ሳታውቅ፣ ጡት ላስጥለው ብዬ እምቢ ብሎኝ ነው አለቻቸው። ለምን ብለው ጠየቋት። ዑመር መተዳደሪያ የሚቆርጡት ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ስለሆነ ነው አለች። የልጁን ዕድሜ ሲጠይቋት በወራት የሚቆጠር ነበር።

ፈጅርን ሲያሰግዱ ከልቅሷቸው የተነሳ ሰዎች ቂራአታቸውን መለየት አቅቷቸው ነበር ይባላል። በሳቸው ሕግ ምክንያት ስንት የሙስሊም ልጅ እንደጠፋ እያሰቡ ነበር። ከዚያም ለሚወለድ ልጅ ሁሉ፣ ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ መተዳደሪያ እንዲቆረጥለትና እናቶች ጡት ለማስጣል እንዳይቸኩሉ አስነገሩ፤ በየግዛቱም ላኩ።

ይህን ታሪክ በደርስ ላይ ስንሰማው የምናደንቀው የዑመርን ተቅዋ ነው። ልክ ነው። ግን ሌላ ነገርም አለበት። ኸሊፋው ሌሊቱን ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ያደረጉት ነገር የእኛን ዘመን ግንዛቤ ማስጨበጫ ይመስላል፦ ልጅሽን ተንከባከቢ፤ አላህን ፍሪ። ልቅሶው አልቆመም። የቆመው «ለምን?» ብለው ሲጠይቁና መልሱ ወደ ራሳቸው ሲመለስ ነው። ሴትዮዋን አልገሠጹም። ሕጉን ለወጡት።

የቁርኣኑም አነጋገር ከዚህ ጋር ይሄዳል። በሱረቱል በቀራ 233ኛው አንቀጽ እናቶች ሁለት ሙሉ ዓመት እንደሚያጠቡ ይነገራል፤ ማጥባቱን ሊያሟላ ለሚሻ። እሱ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ቀጥሎ ያለው አብዛኛው ክፍል ስለ ሌሎች ነው፦ ምግቧና ልብሷ በአባትየው ላይ መሆኑ፣ ማንም ከአቅሙ በላይ አለመገደዱ፣ እናት በልጇ ምክንያት አለመጎዳቷ፣ አባት ባይኖር ግዴታው ወደ ወራሽ መተላለፉ። ጡት ማስጣሉም በሁለቱ መዋደድና መመካከር ነው የተባለው። እህቴ ጡጦውን ስትጀምር ከማን ጋር ተመካከረች? ባሏ ሁመራ ነው። እኔ ጡጦ ገዥ ነኝ። ነፈቃ ሲባል ደግሞ ኪስ ብቻ ነው የሚታየን። ለሚያጠቡ ሚስቶች እህል ገዝቶ ማስገባት አንድ ነገር ነው፤ ያንን እህል ወፍጮ ቤት የሚያደርስና ውሃውን የሚቀዳ ከሌለ ግን የምታጠባበት ሰዓት ከየት ይመጣል? «ወንድ ልጅ ውሃ ይቀዳል እንዴ?» የሚለውን ቀልድ ዛሪማም ሰምቼዋለሁ፤ እዚህ ዶርም ውስጥም ሰምቼዋለሁ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር መናገራቸው ቡኻሪ ውስጥ አለ። ከዚያ በላይ ወንድነት የሚያውቅ ካለ ያስተምረን።

ረመዳንን በተመለከተም ለምታጠባ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች ማፍጠር ተፈቅዶላታል። ሩኽሳውን እያወቁ «ሰው ምን ይለኛል» ብለው ጾመው ለልጁ ጡጦ የሚያዘጋጁ እናቶች አሉ። ሰው የተባልነው እኛ ነን።

ችግሩ የገጠር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ይሰጣል። በሳምንት ስድስት ቀን ለምትሠራ ሴት 90 የሥራ ቀን 15 ሳምንት ነው። ስድስት ወር 26 ሳምንት ነው። መንግሥት በአንድ በኩል 26 ሳምንት አጥቢ ይላታል፤ በሌላ በኩል በ15ኛው ሳምንት ሥራ ግቢ ይላታል። 11 ሳምንቱን ማን ያጠባው? ሕጉ ከድሮው የተሻለ ነው፤ ያንን አልክድም። ለመንግሥት ሠራተኞች ወጥቶ የነበረው አዋጅ 1064/2010 ደግሞ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ያዝዝ ነበር። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነበር።

ወረቀቱን ትተን ወደ ግቢያችን እንምጣ። ከመካከላችን ወልደው የሚማሩ እህቶች አሉ። አንዷ በክፍለ ጊዜዎች መካከል በእህቶች መስገጃ ክፍል መጋረጃ ጀርባ ወተቷን አልባ ለቤቷ ትልካለች። የታለበ የእናት ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ እስከ አራት ሰዓት ይቆያል፤ በንጹሕ ኩባያ መስጠትም ይቻላል፤ ከጡጦ ይልቅ ኩባያ ለማጠብ ይቀላል። ይህን ሁሉ አውቃ ነው የምትሠራው። ያጣችው ወንበር፣ የሚቆለፍ በርና የእጅ መታጠቢያ ነው። ጀመዓችን ለአንድ የመቀበያ ዝግጅት የሚያወጣው ገንዘብ ይህን ያሠራል። ለሥራ አስፈጻሚው በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ እናንተም ስማችሁን ብትጨምሩበት። ወንበሩ የጽዳት ሠራተኞቻችንና የካፌ እናቶችም ጭምር ይሁን። እነሱ ሙስሊም ሆኑ አልሆኑ የሚጠባው ልጅ ያው ልጅ ነው።

እህቴ ሦስተኛዋን ሰኔ ላይ ትወልዳለች፣ ኢንሻአላህ። አርባዋ ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ ይሞላል፤ ልክ እንደ መጀመሪያው፣ አረም ላይ። ባሏን በስልክ አነጋግሬዋለሁ፤ ዘንድሮ ወደ ሰሊጥ አልወርድም ብሏል፤ ቢወርድም ለአማቷ ጭምር የምታግዝ ልጅ ሊቀጥር ተስማምቷል። እኔ ፈተና ጨርሼ እስከ መስከረም ዛሪማ ነኝ። በቀን ስንት ጀሪካን እንደሚያስፈልግ ጠይቄያት «አራት» አለችኝ፤ ከዚያ ሳቀችና «ልብስ ሲታጠብ ስድስት» ብላ ጨመረች። አህያ አለን።